የምራቅ ኮርቲሶል ኪት ልገዛ ነው፤ አንቲቦዲውን በምን ልምረጠው?

የአራት ኪሎዋ — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ነርስ ነኝ፤ አሁን ደግሞ ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። ቴሲሴ መሐል አዲስ አበባ ባሉ ሆስፒታሎች ሌሊት ተረኛ በሆኑ ነርሶች ላይ ነው። ምራቃቸውን ሰብስቤ የጭንቀት ሆርሞን የምንለውን ኮርቲሶልን እለካለሁ። ከዚያ ቀን ብቻ ከሚሠሩት ጋር አወዳድራለሁ። ልቤን የሰጠሁት ሥራ ነው። ሌሊቱን ቆመው የሚያነጉት ጓደኞቼ ድካማቸው ወረቀት ላይ እንዲታይላቸው እፈልጋለሁ።

ሁለት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) እጄ ላይ አለ። አንዱ ለምራቅ ተብሎ የተሠራ የኤላይዛ (በአንቲቦዲና ቀለም በሚያወጣ ኤንዛይም የሚለካ) ኪት ነው፤ አንቲቦዲው፣ ማለትም ሆርሞኑን ለይቶ የሚይዘው ፕሮቲን፣ ሞኖክሎናል ነው። የሁለተኛው ዋጋ ግማሽ ያህል ነው። «ለሴረም፣ ለፕላዝማና ለምራቅ» ይላል (ሴረምና ፕላዝማ የደም ፈሳሽ ክፍል ናቸው)፤ አንቲቦዲው ከጥንቸል የተገኘ ፖሊክሎናል ነው። አድቫይዘሬ «የመረጥሽበትን ምክንያት ጽፈሽ አምጪ» ብለውኛል።

ማኑዋሎቹ መጨረሻ ላይ የክሮስ ሪአክቲቪቲ ሰንጠረዥ አለ። ፕሬድኒሶሎን፣ ኮርቲሶን፣ 11-ዲኦክሲኮርቲሶል እያለ በመቶኛ ይዘረዝራል። እንዴት ነው የሚነበበው? የትኛው ቁጥር ነው ሊያሳስበኝ የሚገባው? አንድ የክፍል ጓደኛዬ ደግሞ «ኪቱን ተዪው፤ አንቲቦዲውን ብቻ ገዝተሽ ፕሌቱን (ባለ ጉድጓዶቹን የምርመራ ሳህን) ራስሽ በእሱ ኮት አድርጊ፣ በጣም ይረክስልሻል» አለኝ። ያዋጣል?

---

ቤንች ላይ ነኝ — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡05

እህቴ፣ ሳትገዢ መጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው ዋጋውንና የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን አይቶ ነው የሚፈርመው።

ኮርቲሶል በጣም ትንሽ ሞለኪውል ነው፤ ሞለኪውላዊ ክብደቱ 362 አካባቢ ነው። ሁለት አንቲቦዲ በአንድ ጊዜ ሊይዘው አይችልም፤ ቦታ አይበቃም። ስለዚህ እንደ ቲኤስኤች (የታይሮይድ) ምርመራ በሁለት አንቲቦዲ መሐል የሚያዝበት ሳንድዊች አይሠራለትም። ያለው አማራጭ ውድድር ነው።

ሜክሲኮ ላይ የቆመ ሚኒባስ አስቢ። ወንበሮቹ አንቲቦዲዎቹ ናቸው፤ ቁጥራቸው የተወሰነ ነው። ከኪቱ ጋር የመጣው ኮርቲሶል ኤንዛይም የተሸከመ ተሳፋሪ ነው። ከነርሷ ምራቅ የሚመጣው ባዶ እጁን ነው። ሁለቱ ለአንድ ወንበር ይጋፋሉ። ምራቁ ውስጥ ኮርቲሶል ከበዛ፣ ሸክም ያላቸው ውጭ ይቀሩና ፕሌቱን ስታጥቢ ተጠርገው ይሄዳሉ። ቀለም የሚያወጣው ያ ሸክም ነው። ስለዚህ ዌሉ (የፕሌቱ ጉድጓድ) ሲደምቅ ኮርቲሶሉ ዝቅተኛ ነው፤ ሲፈዝ ከፍተኛ ነው። ዜሮ ስታንዳርዱ (ኮርቲሶል የሌለበት ማነጻጸሪያ) ከስታንዳርዶቹ ሁሉ ደማቁ ቢጫ ይሆናል። አዲስ ሰው ይህን ሲያይ ፕሌቱ የተበላሸ ይመስለዋል፤ አትደንግጪ።

ክሮስ ሪአክቲቪቲ ማለት ኮርቲሶል ሳይሆን ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ማለት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ምልክት ያለውን ኮርቲሶል ግማሹን ለማስነሳት 10 ናኖሞል በሊትር ኮርቲሶል በቃ እንበል። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው መድኃኒት ለዚያው ሥራ 20 ካስፈለገው፣ ክሮስ ሪአክቲቪቲው 50 በመቶ ነው። 1000 ካስፈለገው 1 በመቶ ነው።

መቶኛው ብቻውን ግን ምንም አይነግርሽም። ያ ነገር ናሙናሽ ውስጥ ምን ያህል አለ? ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። ምራቅ ላይ መጀመሪያ ማየት ያለብሽ መስመር ኮርቲሶን ነው። የምራቅ ዕጢዎች ውስጥ 11ቤታ-ኤችኤስዲ2 የሚባል ኤንዛይም አለ፤ ኮርቲሶልን ወደ ኮርቲሶን ይቀይራል። ስለዚህ ምራቅ ውስጥ ኮርቲሶን ከኮርቲሶል እጥፍ ድርብ ይበልጣል። ለምሳሌ ማታ ላይ ኮርቲሶሉ 4፣ ኮርቲሶኑ 20 ናኖሞል በሊትር ቢሆንና ክሮስ ሪአክቲቪቲው 5 በመቶ ቢሆን፣ 1 ናኖሞል ይጨመርብሻል። 4 የነበረው 5 ሆነ ማለት ነው። 25 በመቶ ስህተት ነው። ደም ላይ ቢሆን ይኸው 5 በመቶ ብዙም አይታይም ነበር። «ለሴረምም ለምራቅም» የሚለውን ኪት በጥርጣሬ የማየው ለዚህ ነው።

---

ቀላሉ መንገድ — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡30

ለምን ወደ አንድ የግል ላብራቶሪ አትልኪውም? ትልልቅ አውቶማቲክ ማሽኖች አሏቸው፤ በአንድ ሰዓት ያወጡልሻል። ከኪት ጋር ምን አታገለሽ?

---

ቤንች ላይ ነኝ — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡52

ወንድሜ፣ ማሽኖቹ በአብዛኛው የተስተካከሉት ለሴረም ነው። የጠዋት ሴረም በመቶዎች የሚቆጠር ናኖሞል በሊትር ነው፤ ከ140 እስከ 690 አካባቢ ብለው የሚጽፉ አሉ። የሌሊት ምራቅ ጥቂት ናኖሞል ብቻ ነው። ማሽኑ ቁጥር ያወጣል፤ ግን ከሚለካው ዝቅተኛ መጠን በታች ወይም ጠርዙ ላይ ያለ ቁጥር ነው። ለምራቅ የተረጋገጠ ፕሮቶኮል ያላቸው ማሽኖች አሉ። እንዲህ ያለ ቦታ ካገኘች ጥሩ ነው፤ መጀመሪያ ግን «ዝቅተኛው መለኪያችሁ ስንት ነው?» ብላ ትጠይቅ።

---

የቀድሞ መምህር — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡15

ልጄ፣ ሰንጠረዡን በቃልሽ ከመያዝ አንቲቦዲው እንዴት እንደተወለደ ብታውቂ ይሻልሻል። ያን ጊዜ ሰንጠረዡ ራሱ ይነግርሻል።

ኮርቲሶል ብቻውን ጥንቸል ውስጥ ቢወጋ ጥንቸሏ ምንም አንቲቦዲ አታመርትም። ትንሽ ነው፤ የሰውነት መከላከያ አያየውም። እንዲህ ያለውን ሃፕተን እንለዋለን። ስለዚህ ከትልቅ ፕሮቲን ጋር፣ ብዙውን ጊዜ ከከብት ደም ከሚገኝ አልቡሚን ጋር፣ በኬሚካል ይታሰራል። ኮርቲሶልን የመሰለ ስቴሮይድን ከፕሮቲን ጋር የማሰሩን ዘዴ ኤርላንገርና ባልደረቦቹ በ1957 እ.ኤ.አ. አሳትመውታል። ከዚያ በኋላ ነው ለስቴሮይዶች አንቲቦዲ መሥራት የተቻለው።

ዋናው ነገር የት ላይ ታሰረ የሚለው ነው። አንቲቦዲው የታሰረበትን ጫፍ በደንብ አያየውም፤ ፕሮቲኑ ጋርዶበታል። በደንብ የሚያውቀው ተቃራኒውን ጫፍ ነው። ኮርቲሶል በብዛት የሚታሰረው በ3ኛው ካርቦን በኩል ነው። ፕሬድኒሶሎንን ከኮርቲሶል የሚለየው ደግሞ ምንድን ነው? በ1ኛውና በ2ኛው ካርቦን መካከል ያለች አንዲት ድርብ ቦንድ ብቻ። ልክ አንቲቦዲው የማያይበት ጎን ላይ ነው ያለችው። በ3ኛው ካርቦን በኩል የተሠራ አንቲቦዲ ፕሬድኒሶሎንን ከኮርቲሶል መለየት የሚያቅተው ለዚህ ነው። አንዳንድ የቆዩ ኪቶች ላይ ቁጥሩ ከ100 በመቶ በላይ ሆኖ ታያለሽ። አንቲቦዲው ከኮርቲሶል ይልቅ መድኃኒቱን ይወዳል ማለት ነው። በ21ኛው ካርቦን በኩል ከታሰረ ደግሞ ጭፍንነቱ ወደዚያኛው ጫፍ ይዞራል፤ ሌሎች የሰውነት ስቴሮይዶች ሊምታቱበት ይችላሉ።

ስለዚህ ለሻጩ «ኢሙኖጅኑ (ለእንስሳው የተወጋው የኮርቲሶልና የፕሮቲን ጥምር) በየትኛው ካርቦን ነው የታሰረው?» ብለሽ ጻፊ። ከነገረሽ ጥሩ ነው። ካልነገረሽ ሰንጠረዡ ላይ ፕሬድኒሶሎንን ተመልከቺ፤ ፍንጭ ይሰጥሻል።

«ሞኖክሎናል» የሚለው ቃል አያታልልሽ። ከለርና ሚልስቴይን በ1975 እ.ኤ.አ. ባወጡት ዘዴ ከአንድ የሴል ዘር የሚመጣ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ነው። ትልቁ ጥቅሙ አለመለዋወጡ ነው፤ የዛሬው ሎት (የአንድ ጊዜ ምርት) እና የከርሞው ሎት አንድ ነው። ፖሊክሎናል የብዙ አንቲቦዲዎች ድብልቅ ነው፤ ጥንቸሏ ስትሞት ያ ድብልቅ አብሮ ያበቃል፤ የሚቀጥለው ሌላ ነው። ግን ሞኖክሎናል ሆኖ ከፕሬድኒሶሎን ጋር ክፉኛ የሚምታታ አለ፤ ፖሊክሎናል ሆኖ ንጹሕ የሆነም አለ። ማየት ያለብሽ ሰንጠረዡን ነው።

ሁላችሁም ወጣቶች እንድታውቁት የምፈልገው ሌላም አለ። ይህ የውድድር ሐሳብ የመጣው ከሮዛሊን ያሎና ከሰለሞን በርሰን ነው። በ1950ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ ኢንሱሊንን በጨረር ምልክት ለመለካት ሲሠሩ ነው የደረሱበት። ፓተንት አንወስድበትም አሉ፤ ማንም ይጠቀምበት ብለው ለቀቁት። በርሰን በ1972 እ.ኤ.አ. ሞተ፤ ያሎ በ1977 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለመች። ኤላይዛ ደግሞ በ1971 እ.ኤ.አ. ስቶክሆልም ውስጥ በኤንግቫልና በፐርልማን ሲመጣ ጨረሩን ኤንዛይም ተካው። ዛሬ አንቺ አራት ኪሎ ተቀምጠሽ ያለ ጨረር መለካት የቻልሽው በእነሱ ነው። ክብር ይገባቸዋል።

---

ፋርማሲስቷ ከፒያሳ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እኔ ከመድኃኒቱ በኩል ልጨምር። እውነቱን ለመናገር የተሳታፊዎችሽ መጠይቅ ከኪቱ እኩል ያሳስበኛል።

ፕሬድኒሶሎን ለአስም፣ ለአለርጂ፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም በብዛት ይታዘዛል። ፕሬድኒሶን የሚባለውም ጉበት ውስጥ ወደ ፕሬድኒሶሎን ይቀየራል። የሚወስድ ሰው ምራቅ ከመጣ አንቲቦዲው ሊያምታታው ይችላል፤ በሐሰት ከፍ ያለ ቁጥር ታገኛለሽ። ዴክሳሜታሶን ግን ሌላ ነው። አብዛኞቹ አንቲቦዲዎች አያዩትም፤ ነገር ግን የራስን ኮርቲሶል ማምረት ያጠፋል። ስለዚህ ቁጥሩ በእውነት ዝቅ ይላል። ሐኪሞቹ ማታ 5 ሰዓት ላይ 1 ሚሊግራም ዴክሳሜታሶን ሰጥተው በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ኮርቲሶል የሚለኩት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ደግሞ ማንም የማይጠይቀውን ልንገርሽ፤ የፊት ክሬም። ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ያላቸው ክሬሞች ፊት ለማጥራት ተብለው ይቀባሉ። ጠንካራ ስቴሮይዶች ናቸው። ለረጅም ጊዜ ከተቀቡ በቆዳ ገብተው ኮርቲሶል የሚያመርተውን የአድሬናል ዕጢ ሥራ ሊያዳክሙ ይችላሉ። የሚቀባው ሰው ግን መድኃኒት ነው ብሎ አያስበውም። «መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ብትያት «አልወስድም» ትልሻለች፤ አልዋሸችም። «ፊትሽን ምን ትቀቢያለሽ? ቱቦውን ልታሳዪኝ ትችያለሽ?» ብለሽ ጠይቂያት።

ባዮቲን የሚባለው ቫይታሚንም እንዲሁ ነው። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ 5 እና 10 ሚሊግራም የሆነ እንክብል ይሸጣል። ሰውነት በቀን የሚበቃው 30 ማይክሮግራም ያህል ነው። ኪቱ የስትሬፕታቪዲን (ባዮቲንን አጥብቆ የሚይዝ ፕሮቲን) እና የባዮቲን ማያያዣ ከተጠቀመ፣ ትርፉ ባዮቲን ቦታውን ይይዝና ምልክቱ ታጥቦ ይወጣል። በውድድር ምርመራ ላይ ምልክት ሲቀንስ ውጤቱ በሐሰት ከፍ ይላል። የአሜሪካው ኤፍዲኤ በ2017 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ማኑዋሉ ላይ «ስትሬፕታቪዲን» የሚል ቃል ፈልጊ። ከሌለ በዚህ በኩል ሰላም ነሽ።

---

የአራት ኪሎዋ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ጋሼም አንቺም እግዜር ያክብርልኝ። የክሬሙን ነገር ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር፤ መጠይቁ ላይ ዛሬውኑ አስገባዋለሁ። አንድ ጥያቄ፦ ሃይድሮኮርቲሶን የሚቀቡ ወይም የሚወስዱ ሰዎችስ? እሱን የሚለይ አንቲቦዲ አለ?

---

ፋርማሲስቷ ከፒያሳ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡18

የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ሃይድሮኮርቲሶን ማለት ኮርቲሶል ራሱ ነው። ሞለኪውልን በክብደቱ የሚለየው ማስ ስፔክትሮሜትሪም አይለየውም። እጇን በሃይድሮኮርቲሶን ክሬም ቀብታ ናሙና መሰብሰቢያውን የነካች ተሳታፊ ቁጥሯ ሰማይ ሊነካ ይችላል። እነዚህን ከጥናቱ ማውጣት ነው።

---

ዶክተሩ ከልደታ — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ሲስተር፣ ሥራሽ ጥሩ ነው፤ በርቺ። እኔ ስለ ሰዓት ነው የምናገረው።

ኮርቲሶል በጠዋት መንቂያ ላይ ከፍ ይላል፤ ከተነሱ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ባለው ጊዜ ጫፍ ይደርሳል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ይወርዳል፤ እኩለ ሌሊት አካባቢ ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ ሰዓት ያልተጻፈበት የኮርቲሶል ውጤት ለእኔ ባዶ ወረቀት ነው።

እዚህ አገር ደግሞ የራሳችን ችግር አለ። አንዲት ታካሚ ዝቅተኛ ተብሎ በቀይ የተጻፈበት ወረቀት ይዛ መጣች። የናሙና ሰዓት «8፡00» ይላል። ወረቀቱን ያየ ሁሉ የፈረንጅ 8 ሰዓት፣ ማለትም ጠዋት 2 ሰዓት አድርጎ አነበበው። «መቼ ነው ደም የሰጠሽው?» አልኳት። «ምሳ በልቼ» አለች። የእኛ 8 ሰዓት ነበር። ከሰዓት በኋላ የተወሰደ ደም በጠዋት መጠን ተመዝኖ ሴትየዋ አድሬናሏ ደክሟል ተብላ ነበር። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በድጋሚ ሲለካ ልክ ሆነ። ያን ጊዜ የተናደድኩትን አልረሳውም። መድኃኒት ሊጀመርላት ነበር።

ቅጽሽ ላይ «ጠዋት / ከሰዓት / ማታ / ሌሊት» የሚል ምርጫ አድርጊ፤ ከጎኑ ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፍ። ተሳታፊዎችሽ ሌሊት ተረኞች ስለሆኑ ደግሞ በግድግዳ ሰዓት ብቻ አትሂጂ። ሌሊቱን ሠርታ ጠዋት 4 ሰዓት ተኝታ ቀን 10 ሰዓት የምትነሳ ነርስ «ጠዋቷ» 10 ሰዓት ነው። ስትነቃ፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ፣ ከ45 ደቂቃ በኋላ፣ ከዚያ ልትተኛ ስትል ውሰጂ። የነቃችበትን ደቂቃ መዝግቢ። ቱቦውን ይዛ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትላክልሽ፤ ሰዓቱ አብሮ ይመጣል፣ መረጃሽም ይታመናል።

ምራቅ መምረጥሽ በሌላም በኩል ይጠቅምሻል። ደም ውስጥ ያለው ኮርቲሶል አብዛኛው ሲቢጂ ከሚባል ፕሮቲን ጋር የተያያዘ ነው፤ ነጻው 5 በመቶ አካባቢ ነው። ኤስትሮጅን ያለበት የእርግዝና መከላከያ እንክብልና እርግዝና ሲቢጂን ከፍ ስለሚያደርጉ ጠቅላላው የደም ቁጥር ያለ ምክንያት ያብጣል። ምራቅ ውስጥ የሚገባው ነጻው ነው። የሦስት ወሩ መርፌ ኤስትሮጅን የለውም፤ ቢሆንም መጠይቁ ላይ ይኑር።

---

ፕሌት ሠሪ — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ጓደኛሽ ስላለሽ ልመልስ፤ ይህን ሥራ እሠራዋለሁና። አንቲቦዲ ብቻ ገዝተሽ አትጨርሺም። ከኤንዛይም ጋር የታሰረ ኮርቲሶል ያስፈልግሻል፤ ስታንዳርድ ያስፈልግሻል። አንቲቦዲውን በአንድ አቅጣጫ፣ ኤንዛይሙን በሌላ አቅጣጫ እየቀጠንሽ ትክክለኛውን ውህድ ፕሌት ላይ ትፈልጊያለሽ። ያ ብቻ ወራት ይበላል። ደግሞ ብዙ አንቲቦዲ በሶዲየም አዛይድ ተጠብቆ ነው የሚመጣው፤ አዛይድ ቀለም የሚያወጣውን ኤችአርፒ የሚባል ኤንዛይም ይገድላል። ማጠቢያሽ ውስጥ ከገባ ቀለም አታዪም፤ ቀለም ከሌለ ደግሞ በውድድር ምርመራ ሁሉም ሰው ኮርቲሶሉ እጅግ ከፍተኛ ሆኖ ይነበባል። ለቴሲስ አልመክርሽም።

---

ከስድስት ኪሎ — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡35

በዚህ ላይ አልስማማም። ለእሷ ቴሲስ ኪት ይሻላል፤ እሺ። ግን ሁልጊዜ «አልመክርም» እያልን እስከ መቼ ዝግጁ ኪት እንጠብቃለን? በዶላር ነው የሚመጣው፤ ሲዘገይ የማብቂያ ቀኑ አጥሮ ይደርሳል። አንድ ላብራቶሪ አንድ ጥሩ ሞኖክሎናል ይዞ ፕሮቶኮሉን አስተካክሎ ቢያስቀምጥ፣ ከእሷ በኋላ የሚመጡት አምስት ተማሪዎች በርካሽ ይሠራሉ። አንቲቦዲው በትንንሽ ቱቦ ተከፋፍሎ በረዶ ቤት ከገባና በየጊዜው ካልቀለጠ ዓመታት ይቆያል። ይህ የተማሪ ሳይሆን የዲፓርትመንት ሥራ ነው፤ ግን አንድ ሰው መጀመር አለበት።

---

ፕሌት ሠሪ — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡50

ለዲፓርትመንት ከሆነ እጄን አወጣለሁ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ፕሮቶኮሌን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ።

---

ሲስተር ላብ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡25

የኔ እህት፣ አንቲቦዲው ምንም ጥሩ ቢሆን ምራቁ ከተበላሸ አይረዳሽም። ስንሰበስብ የምናደርገውን ልንገርሽ።

መፋቂያ! ጥርስ መፋቅ ድድ ያደማል፤ ደም ውስጥ ያለው ኮርቲሶል ከምራቁ በጣም ስለሚበልጥ ትንሽ ደም እንኳ ቁጥሩን ያነሳል። ናሙናው ሮዝ መልክ ካለው ጣይው። ከመስጠታቸው ግማሽ ሰዓት በፊት አይብሉ፣ ቡና አይጠጡ። ሎሚ ያለበት ሻይም ይቅር፤ ምራቁ አሲድ ሲሆን አንቲቦዲው በደንብ አይዝም። አፋቸውን በውኃ ተጉመጥምጠው አሥር ደቂቃ ይጠብቁ፤ ወዲያው ከሰጡ ምራቁ በውኃ ይቀጥናል። ማስቲካ አይታኘክ። በስትሮ ቱቦ ውስጥ ዝም ብሎ ማንጠባጠብ ከሁሉም ይሻላል። ወደ ላብራቶሪ በበረዶ ሳጥን አምጥተሽ በ−20 ዲግሪ አስቀምጪው። ሲቀልጥ፣ እንደ ክር የሚሳበው ዝልግልጉ ነገር ይሰበራል። ከዚያ ሰንትሪፊውጅ አድርገሽ ላይ ያለውን ጥሩውን ብቻ ውሰጂ። ዝልግልጉን በፒፔት ከሳብሽ መጠኑ ልክ አይሆንም፤ የአንድ ናሙና ሁለት ዌሎችሽ ውጤት አይገናኝም።

ሌላው የክፍሉ ሙቀት ነው። ማኑዋሉ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ይላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የእኛ ላብራቶሪ ጠዋት ከዚያ በታች ነው። ኪቱ ከፍሪጅ ወጥቶ በደንብ እስኪሞቅ ጠብቂ፤ ፕሌቱን ደግሞ 25 ዲግሪ ላይ የተስተካከለ ኢንኩቤተር ውስጥ አድርጊው። ዳር ያሉት ዌሎች ከመሐሉ ቀድመው ስለሚሞቁና ስለሚተኑ በደንብ ሸፍኚ። አንድ ነገር በጣም አደራ፦ ሪደሩ (ቀለሙን የሚያነበው ማሽን) ዩፒኤስ ላይ ይሁን። ሰማያዊው ቀለም በአሲድ ወደ ቢጫ ከተለወጠ በኋላ በ450 ናኖሜትር ቶሎ መነበብ አለበት። ያን ጊዜ መብራት ከሄደ ፕሌቱ ሄደ።

---

ጸጉር እንለካ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡10

ፀጉርስ አታስቢም? በወር 1 ሴንቲሜትር ያህል ያድጋል፤ ከራስ ቅል አጠገብ ያለው 3 ሴንቲሜትር የሦስት ወር ኮርቲሶል ይይዛል። ሌሊት ተረኝነት የረጅም ጊዜ ጭንቀት ስለሆነ ይስማማል።

---

ሲስተር ላብ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡30

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ሹሩባ፣ ቅቤ፣ ማለስለሻ፣ ቀለም... ሁሉም መመዝገብ አለበት። ፀጉሩ ታጥቦ፣ ተፈጭቶ፣ በሜታኖል ተጨምቆ ነው የሚለካው። ለማስተርስ ከባድ ነው። ለፒኤችዲ ይሁንልሽ እህቴ።

---

ዶክተሩ ከልደታ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡05

አንድ የረሳሁት፦ ዩኒት። አንዱ ኪት በማይክሮግራም በዴሲሊትር፣ ሌላው በናኖሞል በሊትር ይሰጣል። ማይክሮግራሙን በ27.59 ስታበዢው ናኖሞል ይሆናል። 10 ማይክሮግራም በዴሲሊትር 276 ናኖሞል በሊትር ነው። ጽሑፍ ስታነቢ ይህን ሳታዪ አታወዳድሪ።

---

የአራት ኪሎዋ — ዓርብ፣ ከምሽቱ 12፡50

ለሁለቱም አቅራቢዎች ጻፍኩ። የጠየቅሁት የኮርቲሶንን መቶኛ፣ ዝቅተኛውን ስታንዳርድ፣ ኢሙኖጅኑ የታሰረበትን ካርቦን፣ ስትሬፕታቪዲን መኖሩንና ሁሉንም ፕሌት ከአንድ ሎት መስጠት መቻላቸውን ነው። የርካሹ ሰንጠረዥ ላይ የኮርቲሶን መስመር የለም፤ በምራቅ የተሠራ ሙከራም ሊያሳዩኝ አልቻሉም። የምራቁ ኪት የኮርቲሶን ቁጥር ዝቅተኛ ነው፤ ስታንዳርዱም እስከ ሌሊት መጠን ይወርዳል፤ ስትሬፕታቪዲን የለውም። የታሰረበትን ካርቦን ግን አልነገሩኝም። ፕሬድኒሶሎን ላይ ቁጥሩ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ እንደ ጋሼ አነጋገር፣ በ3ኛው በኩል ነው ብዬ ገመትኩ። የሚወስዱትን ስለማላስገባ ለእኔ ሥራ እንቅፋት አይሆንም።

ውዱን ወሰንኩ። የሰው ቁጥር እቀንሳለሁ እንጂ አንቲቦዲው ላይ አልደራደርም። አድቫይዘሬም ምክንያቱን አንብበው ፈርመውልኛል።

የመጨረሻ ጥያቄ። ከአንድ ሰው አራት ናሙና ነው የምወስደው። አንድ ፕሌት ስንት ሰው ይይዛል? ኪቱ በራሴ ናሙና ላይ መሥራቱንስ እንዴት ላረጋግጥ?

---

ቤንች ላይ ነኝ — ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡05

ጎበዝ! እንዲህ ነው መግዛት።

ፕሌቱ 96 ዌል ነው። ዜሮውን ጨምሮ 7 ስታንዳርድ በጥንድ 14 ዌል ይወስዳል። መጠናቸው የታወቀ ሁለት ኮንትሮል 4፣ አንቲቦዲ የሌለው ዌል 2። የብዙ ሰው ምራቅ ቀላቅለሽ በትንንሽ ቱቦ አስቀምጪና በየፕሌቱ ላይ አሂጂው፤ እሱ 2። በድምሩ 22። የቀረሽ 74 ዌል ነው፤ በጥንድ 37 ናሙና። በአራት ስትካፈይው 9 ሰው፤ አንድ ቦታ ይተርፍሻል።

የአንድ ሰው አራቱም ናሙና አንድ ፕሌት ላይ ይሁን። ሌሊት ተረኞችንና ቀን ሠራተኞችን ደግሞ በየፕሌቱ ቀላቅያቸው፤ አንዱ ፕሌት 5 ለ 4፣ ቀጣዩ 4 ለ 5። ሌሊቶቹን አንድ ፕሌት ላይ፣ ቀኖቹን ሌላ ላይ ካደረግሽ የፕሌት ልዩነት የሰው ልዩነት ይመስልሻል፤ በስታቲስቲክስ አታወጪውም።

ለማረጋገጥ የመጀመሪያውን ፕሌት ለፈተና ስጪው። ከፍ ያለ ምራቅ ወስደሽ በኪቱ ቡፈር እጥፍ፣ አራት እጥፍ፣ ስምንት እጥፍ አቅጥኚ። በቅጥነቱ ስታባዢው ያው ቁጥር መመለስ አለበት። ካልተመለሰ አንቲቦዲው ኮርቲሶል ያልሆነ ነገር እየያዘ ነው፤ ወይም ምራቁ ውስጥ የሚረብሸው አለ። ሁለተኛው፣ ዝቅተኛ ምራቅ ላይ የታወቀ መጠን ኮርቲሶል ጨምረሽ ለኪ። ከጨመርሽው ከ80 እስከ 120 በመቶ ካገኘሽ ደህና ነው። የጥንዶቹ ልዩነት በሲቪ (በመቶኛ በሚሰላ የመለያየት መለኪያ) ከ10 በመቶ በታች ይሁን፤ ከዚያ ያለፈውን ድገሚ።

የሚተርፈውን አንዱን ቦታ በየፕሌቱ ለድጋሚ ያዢው፤ መቼም የሚደገም ናሙና አይጠፋም።

---

የአራት ኪሎዋ — ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡20

9 ሰው በፕሌት፤ 5 ለ 4፣ 4 ለ 5። ሰኞ ትእዛዙን አስገባለሁ። የመጀመሪያው ፕሌት ውጤት ሲወጣ የስታንዳርድ ኩርባውን እዚሁ እለጥፋለሁ፤ እዩልኝ።